ያን አሞስ ኮሜንስኪና ባለሥዕሉ የሕፃናት መጽሐፍ

በሙያችን ከተሰማራን ሰዎች መካከል የማሽን ክፍሎችን ዝርዝር ሥዕል ሳይገልጥ ብዙ ጊዜ የሚቆይ ሰው ጥቂት ነው። ሥዕሉን ሁላችንም እናውቀዋለን። ፓምፑ ወይም ሞተሩ ተፈታትቶ ይታያል፤ ከእያንዳንዱ ክፍል ቀጭን መስመር ይሳብና በመስመሩ ጫፍ ላይ አንድ ቁጥር ይቀመጣል፤ በሥዕሉ ግርጌ ወይም በተከታዩ ገጽ ደግሞ ያው ቁጥር ከክፍሉ ስም ጋር ተጽፎ ይገኛል። የፋብሪካውን ቋንቋ ፈጽሞ የማያውቅ መካኒክ እንኳ ቁጥር 14ን አይቶ የተበላውን ኩሽኔታ ለይቶ ያዛል። ሥዕሉ ዕቃውን ያሳያል፤ ጽሑፉ ስሙን ይሰጣል፤ ሁለቱን የሚያስተሳስረው ግን ያቺ ትንሽ ቁጥር ናት።

ይህ ዘዴ ከፋብሪካ ብቻ የወጣ እንዳይመስለን ያስፈልጋል። እርግጥ ነው፤ ጀርመናዊው ጌዎርግ አግሪኮላ ስለ ማዕድን በጻፈውና በ1556 በታተመው ታላቅ መጽሐፍ ውስጥ የውሃ መሳቢያዎችንና መንኰራኵሮችን በሥዕል አስቀርጾ ክፍሎቻቸውን በፊደላት ምልክትነት አስረድቶ ነበር። አግሪኮላ ግን የጻፈው ለሊቃውንትና ለማዕድን ባለሀብቶች ነው። ያንኑ ዘዴ ወስዶ፣ ፊደል ገና በመቍጠር ላይ ላለ የስድስት ዓመት ልጅ የሰጠው ሰው በትውልዱ የሞራቪያ ሰው፣ በሥራው ቄስና መምህር፣ በኑሮው ደግሞ ከዕድሜው የበዛውን በስደት ያሳለፈው ያን አሞስ ኮሜንስኪ ነው። በላቲን አጠራር ኮሜንዩስ እየተባለ በይበልጥ ስለሚታወቅ እኛም በዚሁ ስም እንጠራዋለን። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልን።

ኮሜንዩስ ዛሬ የቼክ ሪፐብሊክ ምሥራቃዊ ክፍል በሆነችው በሞራቪያ መጋቢት 28 ቀን 1592 ተወለደ። ወላጆቹ የወንድማማቾች አንድነት የሚባለው፣ ከያን ሁስ ትምህርት የመነጨው አነስተኛ የፕሮቴስታንት ማኅበር ምእመናን ነበሩ። ዐሥራ ሁለት ዓመት ገደማ ሲሆነው አባቱንም እናቱንም ሁለት እኅቶቹንም ሞት ወሰደበት። ዘመዶች ዘንድ አደገ፤ በላቲን ትምህርት ቤት የገባውም ዘግይቶ፣ ዐሥራ ስድስት ዓመት ከሞላው በኋላ ነበር። ይህ መዘግየት ለእሱ ጉዳት ቢሆንም ለሌላው ጥቅም ሳይሆን አልቀረም እላለሁ። ትንሽ ልጅ የሚደርስበትን ግፍ የግድ እንደ ሆነ ነገር ተቀብሎ ይረሳዋል። ኮሜንዩስ ግን አእምሮው በበሰለበት ዕድሜ ከሕፃናት ጋር ተቀምጦ ስለ ተማረ የትምህርቱን ጉድለት እየተመለከተ ነበር የተማረው።

ጉድለቱ ምን እንደ ነበር ለእኛ አገር አንባቢ ማስረዳት አያዳግትም። በዚያን ዘመን በአውሮፓ ትምህርት ማለት ላቲን ማለት ነበር። ልጁ የላቲንን ሰዋስው የሚማረው በራሱ በላቲን ከተጻፈ መጽሐፍ ነው፤ ትርጕሙን ሳያውቅ ይሸመድዳል፤ ቢሳሳት ይገረፋል። ዳዊት እየደገመ የግእዙን ምሥጢር ግን ከብዙ ዓመታት በኋላ ብቻ የሚያገኘውን የቆሎ ተማሪ ያየ ሰው ነገሩን ወዲያው ይረዳዋል። ልዩነቱ የእኛ ተማሪ ቢያንስ ዜማ ያለው መሆኑ ነው።

ከዚያ በኋላ ኮሜንዩስ ወደ ጀርመን ተሻግሮ በመጀመሪያ በሄርቦርን፣ ቀጥሎም በሃይደልበርግ ተማረ። በሃይደልበርግ ሳለ፣ በ1614፣ ኮፐርኒኩስ ስለ ሰማይ አካላት ዑደት በገዛ እጁ የጻፈውን የመጽሐፉን ዋና ቅጅ ከአንድ የሞተ ፕሮፌሰር ባለቤት ላይ ገዛ። ከዚህ ግዢ በኋላ ወደ አገሩ የተመለሰው ረጅሙን መንገድ በእግሩ ተጕዞ ነው። ነገሩ የሚያስገርመው ኮሜንዩስ የኮፐርኒኩስን አሳብ ያልተቀበለ ሰው መሆኑ ነው፤ ባይቀበለውም መጽሐፉን ጠብቆ አቆየው።

በ1616 ተቀጰሰ፤ በ1618 በፉልኔክ ከተማ የማኅበሩ መጋቢና የትምህርት ቤቱ ኀላፊ ሆነ፤ ትዳርም መሠረተ። በዚያው ዓመት በቦሄሚያ ያመፁት መኳንንት የሠላሳውን ዓመት ጦርነት ቀሰቀሱ። በ1620 ከፕራግ አጠገብ ነጭ ተራራ በሚባለው ስፍራ ድል ሲሆኑ ለፕሮቴስታንቶች የመከራው በር ተከፈተ። ፉልኔክ ተዘረፈች፤ ኮሜንዩስ ሸሽቶ ሲደበቅ ሚስቱና ሁለት ልጆቹ በ1622 በወረርሽኝ ሞቱ።  በተከታዩ ዓመት መጻሕፍቱ በከተማው አደባባይ ተቃጠሉ።

ከመኳንንቱ በአንዱ ርስት ተሸሽጎ በነበረባቸው ዓመታት ከሠራቸው ነገሮች ለእኛ ሙያ የሚቀርበውን አንዱን ሳላነሣ አላልፍም። የሞራቪያን ካርታ ሠራ። አገሩን በእግሩ የዞረው ሰው ወንዙን፣ ተራራውን፣ መንደሩን፣ የብረትና የመስተዋት መሥሪያውን ሁሉ በምልክት ለይቶ አሰፈረ። ካርታው በ1627 በአምስተርዳም ታትሞ ከዚያ በኋላ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት እየታደሰ ሲሠራበት ኖሯል። በምልክትና በቍልፍ ማሳየትን ኮሜንዩስ ከልጆቹ መጽሐፍ ሠላሳ ዓመት አስቀድሞ በካርታ ላይ ተለማምዶት ነበር ማለት ነው። ካርታው በታተመ በዓመቱ፣ በ1628 ክረምት፣ እንደገና ካገባት ሚስቱና ከማኅበሩ ሰዎች ጋር በበረዶ የተሸፈነውን ተራራ አቋርጦ ወደ ፖላንድ ተሰደደ። ወደ አገሩ ለመኖር ዳግመኛ አልተመለሰም።

በፖላንዲቱ ሌሽኖ ከተማ መምህር ሆኖ ሳለ በ1631 ያሳተመው የላቲን መማሪያ ስሙን በአንድ ጊዜ በአውሮፓ ሁሉ አስጠራው። የመጽሐፉ ብልኀት ቃላትን እንደ ሰዋስው መጻሕፍት በዘርፍ በዘርፋቸው ከማጐር ይልቅ ስለ ዓለም ነገሮች በሚናገሩ አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች ውስጥ አሰልፎ በተማሪው ቋንቋ ከጐን ማስተርጐሙ ነበር። ብዙም ሳይቆይ በብዙ የአውሮፓ ቋንቋዎች ተተረጐመ።

ከዚህ ታዋቂ መጽሐፍ ይልቅ እኔን የሳበኝ በ1633 የታተመው፣ ከስድስት ዓመት በታች ስላሉ ሕፃናት ለእናቶች የጻፈው መጽሐፍ ነው። ሁለት ልጆቹን ያጣ አባት ስለ ጨቅላ ሕፃን የሚጽፈውን በሌላ ዐይን ማንበብ አይቻልም። በዚህ መጽሐፍ ኮሜንዩስ የሚለው ትምህርት ቤት ከመከፈቱ በፊት የመጀመሪያው ትምህርት ቤት የእናት ጕልበት ነው። ስለ ቍጥር የሰጠው ምክር ደግሞ ዛሬም የሚያስደንቅ ልከኝነት አለው። ስድስት ዓመት ያልሞላው ልጅ እስከ ሃያ በተራ ቢቈጥር፣ ከሁለት ቍጥሮች የትኛው እንደሚበልጥ ቢያውቅ፣ ጥንዱን ከጎዶሎው በጨዋታ ቢለይ ይበቃዋል፤ ከዚህ አልፎ ማስጨነቅ አያስፈልግም ይላል። ርዝመትና ስፋትንም ልጁ በስንዝርና በክንድ እየለካ እንዲማር ይመክራል። ልጆቻችንን አራት ዓመት ሳይሞላቸው እስከ መቶ ቈጠሩ ብለን የምንኮራ ወላጆች ብንኖር ምክሩ ይመለከተናል።

ከዚያ በኋላ ያለው የኮሜንዩስ ታሪክ ለረጅም ጊዜ የታላላቆች ጥሪና የታላላቆች ጦርነት ታሪክ ነው፤ በአጭሩ እናልፈዋለን። ኮሜንዩስ የሰው ልጅ ዕውቀት ሁሉ በአንድ ሥርዓት የሚጠቃለልበትን ታላቅ መጽሐፍ ለማዘጋጀት አቅዶ ነበር። በ1641 ለዚሁ ጉዳይ ወደ ለንደን ተጠራ፤ በማግሥቱ ዓመት የእንግሊዝ የእርስ በርስ ጦርነት ፈነዳና ጉዳዩ ቀረ። በኔዘርላንድ ከዴካርት ጋር ተገናኝቶ ለሰዓታት ተወያየ። ስዊድኖች ቀጠሩት፤ እነሱ የፈለጉት ግን ስለ ሁሉ ነገር የሚያስረዳውን ታላቅ መጽሐፍ ሳይሆን ለትምህርት ቤቶቻቸው የሚሆን የላቲን መማሪያ ነበር። በኤልቢንግ ከተማ ተቀምጦ ስድስት ዓመት ለዚሁ ሥራ አዋለ። በ1648 በቬስትፋሊያ ሰላም ሲፈረም ለቦሄሚያና ለሞራቪያ ስደተኞች የታሰበ ነገር አልነበረም። ስዊድኖች ይከራከሩልናል ብሎ ሃያ ዓመት ተስፋ ያደረገው ሁሉ በአንድ ወረቀት አለቀ። በዚያው ዓመት ሁለተኛዋ ሚስቱ ሞተች፤ እሱም የማኅበሩ ጳጳስ ሆኖ ተመረጠ። የሚመራው ማኅበር ግን አገር አልነበረውም።

በ1650 በሃንጋሪ ሻሮሽፓታክ በምትባለው ከተማ ትምህርት ቤት እንዲያደራጅ የትራንሲልቫኒያ መሳፍንት ወገን የሆነው የራኮትሲ ቤተ ሰብ ጠራው። ሰባት ክፍል ያለው ትምህርት ቤት አቀደ፤ የተከፈቱት ሦስት ብቻ ነበሩ። ልጆቹ ላቲን አያውቁም፤ መምህራኑ ግድ የላቸውም፤ በአውሮፓ ሁሉ የተወደሰው መማሪያውም ለእነዚህ ልጆች ከበዳቸው። ታዋቂ ሰው ሥራው በተግባር ሲወድቅ የሚያደርገው ብዙውን ጊዜ ተማሪውን መውቀስ ነው። ኮሜንዩስ ግን መጽሐፉን እንደገና አየ። ጉድለቱንም አገኘው። ቃላቱ ከዓረፍተ ነገር ጋር ተሳስረዋል፤ ከነገሩ ጋር ግን አልተሳሰሩም። ልጁ ያላየውን ነገር ስም ይሸመድዳል። ስለዚህ ነገሩ ራሱ፣ ነገሩ ካልተገኘም ሥዕሉ፣ ከስሙ በፊት በልጁ ዐይን ፊት መቀመጥ አለበት አለ። ባለሥዕሉ መጽሐፍ የተጠነሰሰው እዚህ ላይ ነው።

ጽሑፉ ቢዘጋጅም በሻሮሽፓታክ ሥዕሎቹን በእንጨት ላይ የሚቀርጽ ባለሙያ አልተገኘም። በዚህ የተነሣ ሥራው በጀርመን አገር የቅርጽና የኅትመት ጥበብ ወደ በለጸገባት ወደ ኑረምበርግ፣ ሚኻኤል ኤንተር ወደሚባለው አሳታሚ ተላከ። ሥዕሎቹ ብዙ፣ ቀራጮቹም ቀስ የሚሉ ስለ ነበሩ መጽሐፉ ለዓመታት ዘገየ። ኮሜንዩስ በ1654 ወደ ሌሽኖ ተመለሰ።

እዚህ ላይ ከሕይወቱ የከፋው ጊዜ ይመጣል፤ በከፊልም የገዛ ጥፋቱ ነው። ስዊድኖች ፖላንድን በ1655 ሲወርሩ ኮሜንዩስ ለስዊድኑ ንጉሥ ለካርል ጉስታፍ የምስጋና ጽሑፍ ጽፎ አሳተመ። በሰው አገር ተጠግቶ የሚኖር ስደተኛ የአገሬውን ወራሪ ማወደሱ ምን እንደሚያስከትል መገመት አያዳግትም። ንጉሡ ወገኖቼን ወደ አገራቸው ይመልስልኛል የሚለው ተስፋ ዐይኑን ጋርዶት ነበር። በ1656 ሚያዝያ ፖላንዶች ሌሽኖን አቃጠሏት። የኮሜንዩስ ቤት ከነመጻሕፍቱ ነደደ። ከአርባ ዓመት በላይ የደከመበት የቼክና የላቲን ቋንቋ መዝገበ ቃላት ዐመድ ሆነ፤ ሌሎችም ብዙ ጽሑፎች አብረው ጠፉ። ከተማዋን ወደዚህ ያደረሷት ሁኔታዎች ብዙ ቢሆኑም፣ በዚያ ጽሑፍ የተነሣ ከጎረቤቶቹ መካከል የተጠያቂነቱን ድርሻ በእሱ ላይ የጣሉ አልጠፉም። እኔም ሙሉ በሙሉ ነጻ ላወጣው አልደፍርም።

የሕፃናቱ መጽሐፍ ግን በዚያ ጊዜ በኑረምበርግ ነበር። በሻሮሽፓታክ አንድ ጥሩ ቀራጭ ተገኝቶ ቢሆን ኖሮ የእጅ ጽሑፉ ወዴት ይሆን እንደ ነበር ማን ያውቃል። እንዲህ ስላልሆነ በ1658 በላቲንና በጀርመንኛ ታትሞ ወጣ። ርእሱ ኦርቢስ ሴንሱዋሊዩም ፒክቱስ ነው፤ በስሜት ሕዋሳት የሚታወቀው ዓለም በሥዕል ማለት ነው።

ስለ አሠራሩ ጥቂት ልቈይ። በዚያን ዘመን ሥዕል በሁለት ዋና ዋና መንገዶች ይታተም ነበር። አንደኛው በመዳብ ሰሌዳ ላይ ጐድጕዶ መቅረጽ ነው፤ ቀለሙ በጕድጓዱ ውስጥ ይገባል፤ ወረቀቱ በከባድ ጥቅል መካከል ተጨምቆ ቀለሙን ይስባል። ሥዕሉ እጅግ ረቂቅ ይሆናል፤ ነገር ግን የእርሳስ ፊደላት ቀለም የሚይዙት በጕብጕባቸው እንጂ በጕድጓዳቸው ስላልሆነ ሥዕሉና ጽሑፉ በአንድ ጊዜ ሊታተሙ አይችሉም። አንዱ ወረቀት በሁለት ማተሚያ ማለፍ አለበት፤ ዋጋውም በዚያው ልክ ይወጣል። ሁለተኛው መንገድ በእንጨት ላይ መቅረጽ ነው። ቀራጩ ነጭ ሆኖ መቅረት ያለበትን ፍቆ ያነሣል፤ መስመሩ ጕብ ብሎ ይቀራል። እንጨቱ በውፍረቱ ከእርሳስ ፊደላቱ ቁመት ጋር ስለሚተካከል በአንድ ክፈፍ ውስጥ ከፊደላቱ ጋር ይታሰራል፤ ሥዕልና ጽሑፍ በአንድ ምት ይታተማሉ። የኮሜንዩስ መጽሐፍ በእንጨት ቅርጽ ታተመ። መስመሮቹ ወፍራምና ሸካራ ናቸው፤ የሰዎቹ ፊትም እምብዛም አያምርም። ነገር ግን ዋጋው በልጅ እጅ ተገላልጦ ሊቀደድ ለሚችል መጽሐፍ የተመቸ ሆነ።

ቍጥሮቹ በእንጨቱ ላይ ከሥዕሉ ጋር አብረው ተቀርጸዋል። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል። ሥዕሉ ግን አንድም ቃል አልያዘም፤ የያዘው ቍጥር ብቻ ነው። ስለዚህ መጽሐፉን ወደ ሌላ ቋንቋ ለመመለስ ሥዕሉን መንካት አያስፈልግም፤ በጐኑ ያለውን የእርሳስ ፊደል ብቻ ለውጦ አዲሱን ቋንቋ መደርደር ይበቃል። በ1659 ቻርልስ ሁል የተባለ መምህር በእንግሊዝኛ አወጣው፤ በ1666 ላቲን፣ ጀርመንኛ፣ ኢጣልያንኛና ፈረንሳይኛ ጐን ለጐን የቆሙበት ኅትመት ወጣ። እኛ የአንዱን ማሽን ክፍል ሳንለውጥ ሌላውን መለወጥ የሚያስችል መገጣጠሚያ ስንነድፍ የምናስበውን እሱ ለቋንቋ አሰበው።

መጽሐፉ የሚጀምረው መምህርና ልጅ ቆመው በሚነጋገሩበት ሥዕል ነው። ቀጥሎ የሚመጣው የፊደል ገበታ ነው፤ በእኔ ግምት ከመጽሐፉ ሁሉ የላቀው ክፍል ይኸው ነው። ዛሬ የምናውቃቸው ባለሥዕል የፊደል መጻሕፍት የሚከተሉት ሥርዓት የታወቀ ነው፤ ፊደሉ ይጻፋል፤ ከአጠገቡ ስሙ በዚያ ፊደል የሚጀምር ነገር ይሣላል። የእኛም መጻሕፍት ሀን በሀብሀብ፣ በን በበግ፣ መን በመኪና ያስተምራሉ። ኮሜንዩስ ግን በዚህ መንገድ አልሄደም። ከእያንዳንዱ ፊደል ጐን የሣለው ያንን ድምፅ በተፈጥሮው የሚያሰማ ፍጡር ነው። ቁራው ሲጮኽ ኣ ይላል፤ የበጉ ግልገል በ ይላል፤ ነፋሱ ፍ እያለ ይነፍሳል፤ ድቡ ም እያለ ያጕረመርማል፤ ውሻው ሲቈጣ ር ር ይላል፤ እባቡ ስ እያለ ይሳባል። ጨቅላው ሕፃን፣ ዝዪዋ፣ አይጧ፣ ድመቷ፣ ጫጩቷ፣ ጕጕቱ፣ እንቍራሪቷ፣ አህያው፣ ዝንቡም ሳይቀሩ ተራ ተራቸውን ይዘው አንድ አንድ ፊደል ያስተምራሉ።

ልዩነቱ የላይ ላይ አይደለም። ሀብሀብን አይቶ ሀን ለማግኘት ልጁ በመጀመሪያ ፍሬውን ማወቅ፣ ቀጥሎ ስሙን መጥራት፣ ከዚያም የስሙን መጀመሪያ ድምፅ ከቀሪው ለይቶ ማውጣት አለበት። ይህ ለእኛ ቀላል ነው፤ ለአራት ዓመት ልጅ ግን ሦስት ሥራ ነው። ፍሬውን የማያውቅ ልጅ ደግሞ ከመጀመሪያው ደረጃ አያልፍም። የእባቡ ስ ግን ምንም መካከለኛ የለውም፤ ድምፁ ራሱ ፊደሉ ነው። ልጁ እየተሳቀ እየጮኸ፣ ያለ አርጩሜ ሃያ ምናምኑን የላቲን ፊደል ይጨርሳል። በእርግጥ ዘዴው ድክመት አለው። አንዳንዶቹ ድምፆች የተገኙት በግድ ነው፤ ጥንቸል ድምፅ አሰማች ተብሎ ፊደል ሲሰጣት አንባቢው ፈገግ ሳይል አይቀርም። ወደ እኛ ፊደል ለማምጣት የሚሞክር ሰውም ሌላ ችግር ይገጥመዋል፤ የእኛ ፊደል እያንዳንዱ በሰባት ቤት ስለሚዘረዘር ሠላሳ ሦስቱ ሁለት መቶ ሠላሳ አንድ ይሆናሉና ለሁሉ የሚበቃ እንስሳ በዱርም በቤትም አይገኝም። ሆኖም ለመጀመሪያው ቤት ብቻ ቢሞከር ምን ይጐዳል? ውሻውም እባቡም ግልገሉም እኛው ዘንድ ናቸው።

ከፊደሉ በኋላ ዓለም በተራ ይመጣል፤ 150 ያህል ምዕራፍ ነው። ሰማይ፣ እሳት፣ አየር፣ ውሃ፣ መሬት፣ ማዕድን፣ ዕፀዋት፣ እንስሳት፣ የሰው አካል። ቀጥሎም የሰው እጅ ሥራ ይመጣል። እህል ወፍጮ፣ እንጀራ ጋጋሪ፣ ሸማኔ፣ ልብስ ሰፊ፣ ጫማ ሰፊ፣ አናጢ፣ ግንበኛ፣ የከባድ ዕቃ ማንሻ፣ የማዕድን ጕድጓድ፣ አንጥረኛ፣ ሸክላ ሠሪ፣ የጕድጓድ ውሃ መቅጃ፣ ሰዓት፣ ሠረገላ፣ መርከብ፣ ወረቀት፣ ማተሚያ ቤት፣ መጽሐፍ ጠራዥ ሁሉ የየራሳቸው ሥዕልና ገጽ አላቸው። በየሥዕሉ መዶሻው፣ መጋዙ፣ ምጣዱ፣ መዘውሩ ቍጥር ይዟል፤ በጐኑ ያለው ጽሑፍ በየቃሉ አጠገብ ያንኑ ቍጥር ያነሣል። ሠርቶ አዳሪውና መሣሪያው በሕፃን መማሪያ ውስጥ ከነገሥታትና ከመላእክት እኩል ገጽ አግኝተው መታየታቸው በዚያ ዘመን ቀላል ነገር አልነበረም። ሸማኔውንና አንጥረኛውን በንቀት ስም ስንጠራ የኖርን ሕዝብ ይህን ገጽ ቆም ብለን ብናየው መልካም ነው።

የማይታየውንስ እንዴት ይሥላል? ለነፍስ የመረጠው ዘዴ አንድ ሰው የሚመስል ጥላ በነጠብጣብ ብቻ መሣል ነው። የተሰወረውን ጠርዝ በተቆራረጠ መስመር የምናሳይ እኛ ይህን ሥዕል ስናይ የሙያ ዘመድ እንዳገኘን ይሰማናል።

የቍጥር ትምህርት ራሱን የቻለ ገጽ የለውም፤ ስለ ፍልስፍና በሚናገረው ገጽ ውስጥ ሒሳብ ዐዋቂው በሰሌዳ ላይ በአኀዝ ወይም በገበታ ላይ በጠጠር ሲያሰላ ይታያል፤ ባላገሩም በዐሥርና በዐምስት ምልክት፣ በደርዘንና በስድሳ እየደመረ በራሱ መንገድ ሲቈጥር ተጠቅሷል። ባላገሩ በገዛ መንገዱ የሚያውቀውን ሒሳብ እንደ ድንቍርና ሳይቈጥር ከሊቁ ጐን ማስቀመጡ የኮሜንዩስን ጠባይ ያሳያል። ከዚህ ሌላ ግን መጽሐፉ በሙሉ የቍጥር ጨዋታ ነው። ልጁ በየገጹ 1ን፣ 2ን፣ 3ን በሥዕሉ ውስጥ ሲፈልግ ይውላል፤ 7ን ካገኘ 8 የት እንዳለ ሳያይ አይተኛም። መምህሩ ሳይነግረው አኀዙን መልኩንም ተራውንም ይለምዳል። ኮሜንዩስ በመግቢያው ልጆች ቢወዱ ሥዕሎቹን በእጃቸው እንዲገለብጡ እንዲፈቀድላቸው መክሯል፤ በመጽሐፉ ያልተሣለውንም ነገር መምህሩ ራሱን አምጥቶ ያሳይ ብሏል። 

በዚያው ዘመን በጀርመን አገር ከእኛ ወገን አንድ ሰው ነበር። መካነ ሥላሴ የተወለዱት አባ ጎርጎርዮስ በ1652 ወደ ጎታ ከተማ መጥተው ለሂዮብ ሉዶልፍ ግእዝና አማርኛ አስተማሩ፤ ከዚሁ ትምህርት የተገኘው የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት በ1698 በፍራንክፈርት ታተመ። የጎታው መስፍን ኤርንስት በግዛቱ ልጆች ሁሉ እንዲማሩ ያዘዘ ሰው ሲሆን፣ በ1642 ያወጣው የትምህርት ቤት ደንብም ከኮሜንዩስ አሳብ የተቀዳ ነገር ነበረው። አባ ጎርጎርዮስ ወደ አገራቸው ሲመለሱ መርከባቸው ሰጥማ የሞቱት በ1658፣ ባለሥዕሉ መጽሐፍ በታተመበት በዚያው ዓመት ነው።

ኮሜንዩስ የመጨረሻዎቹን ዐሥራ አራት ዓመታት በአምስተርዳም ደ ጌር በተባሉት ባለጠጎች ቤተ ሰብ ጥላ ሥር አሳለፈ። በ1657 የትምህርት ጽሑፎቹን ሁሉ በከተማዋ ወጪ በትልቅ ቅጽ አሳተመ። በዚያው ዓመት ደግሞ የሦስት ባለራእዮችን ትንቢት ሰብስቦ አወጣ፤ የሃፕስቡርግ መንግሥት በቅርቡ እንደሚወድቅ የሚናገሩ ትንቢቶች ነበሩ። አንዱም አልተፈጸመም። ከባለራእዮቹ አንዱ የሆነው ድራቢክ በ1671 በፕሬስቡርግ በሞት ተቀጣ። ኮሜንዩስ በዚህ ጉዳይ በወዳጆቹም በጠላቶቹም ዘንድ መሳለቂያ ሆነ፤ በምዕተ ዓመቱ መጨረሻም ፒየር ቤል በታዋቂው መዝገቡ ክፉኛ ነቀፈው። ልጆች ያላዩትን እንዳያምኑ የደከመ ሰው ራሱ ያላየውን ማመኑ ያሳዝናል። አገር ማጣት ምን ያህል ሰውን እንደሚያስመኝ ለሚያውቅ ግን ነገሩ እንግዳ አይደለም።

ኅዳር 15 ቀን 1670 በአምስተርዳም ሞተ፤ በናርደን ከተማ በአንዲት ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ተቀበረ። ሊሞት ሲል የሰው ልጅ ጉዳይ ሁሉ ስለሚታደስበት መንገድ የጻፈውን ታላቁን ሥራ አሰናድቶ እንዲያሳትም ልጁን አደራ አለ። ያ ሥራ ታተመ ሳይባል ተረሳ። የእጅ ጽሑፉ በ1930ዎቹ በጀርመን ሃለ ከተማ በሚገኝ የእጓለ ማውታ ማሳደጊያ ቤተ መጻሕፍት ተገኝቶ በፕራግ የታተመው በ1966 ነው። መቃብሩም ቢሆን ለረጅም ጊዜ ተረስቶ ኖሮ በሃያኛው ምዕተ ዓመት ተፈልጎ ከተገኘ በኋላ በ1937 መታሰቢያ ተሠራለት። ዛሬ በቼክ ሪፐብሊክ የመምህራን ቀን የሚከበረው እሱ በተወለደበት ዕለት ነው።

ባለሥዕሉ መጽሐፍ ግን አንድም ቀን አልተረሳም። በ1685 በሌቮቻ ሃንጋሪኛና ቼክኛ ተጨምረውበት ታተመ፤ ደራሲው በተሰደደበት በገዛ ቋንቋው ማለት ነው። ጎተ በልጅነቱ በፍራንክፈርት ቤታቸው አንብቦታል። በ1810 በኒውዮርክ እንደገና ታተመ። ሥዕሎቹ በየአገሩ እየተቀረጹ ታደሱ፤ የሰዎቹ ልብስ ተለወጠ፤ ቍጥሮቹ ግን በየቦታቸው ነበሩ። የመጨረሻውን ገጽ የገለጠ ልጅ የሚያገኘው ከመጀመሪያው ገጽ ጋር አንድ የሆነውን ሥዕል ነው፤ መምህሩና ልጁ እንደ ቆሙ ናቸው። ምክንያቱ ምንም ይሁን ምን፣ አሳታሚው በዚህ የአንድ እንጨት ዋጋ ሳይተርፍለት አልቀረም።